በአማቴ ጓሮ የበቀለች አሜሪካ

ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ በግ ይዞ ሚኒባስ የሚሳፈር ሰው ብርቅ አይደለም። ዶሮማ እንደ ሰው ቦታ ይዛ ትሄዳለች፣ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የዓሣ ጭንቅላት ይዞ ወደ ዶዮገና የተሳፈረ ሰው ግን ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ረዳቱ ሊያነሳልኝ ጎንበስ አለና ወዲያው ቀና አለ።

"መምህር፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ማዳበሪያ ነው።"

"ማዳበሪያውንማ አየሁት። ውስጡ ያለውን ነው የምጠይቅዎት።"

"ውስጡም ማዳበሪያ ነው" አልኩት። አልዋሸሁም።

ጣሪያው በሌላ ሰው ዕቃ ሞልቶ ስለነበር ዓሣዬ ከእግሬ ሥር ገባ። በአገራችን ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው እንደ ጠላት ነው የሚታየው። ንፋስ አስገብቶ ሰው ሊያስመታ ነው ይባላል፣ ስለዚህ ታፍነን እንሄዳለን እንጂ አንከፍትም። በዚያን ቀን ግን ገና ከተማውን ሳንለቅ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። ሕፃን የታቀፈች እናት በሀዲይኛ፣ ከኋላ ያሉት ሁለት ነጋዴዎች በከምባትኛ፣ ሾፌሩ ደግሞ ሁላችንም እንድንረዳው በአማርኛ ተናገሩኝ። ከምባትኛዬ ብዙም አይደለም፣ ስድቡን ግን ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ሚስቴ ከዚያ አገር ናት።

ለዚህ ሁሉ ያበቃኝ አንድ መጽሐፍ ነው።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የመጀመሪያ ገጾቹ የሌሉ፣ ስለ ጥንቷ አሜሪካ እርሻና ምግብ የሚያወራ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ለዓመታት አንድ ጠረጴዛ እንዳይነቃነቅ ከእግሩ ሥር ገብቶ ኖሯል። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጠረጴዛው እስከ ዛሬ ይነቃነቃል፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛም እስከ ዛሬ ፊት ትነሳኛለች።

መጽሐፉ ስለ ጦርነትና ስለ መሪዎች አያወራም። የሚያወራው ሰዎቹ ምን ዘርተው ምን እንደበሉ ነው። ነጮቹ በመርከብ ሲደርሱ ርቧቸው ነበር ይላል። የአገሩ ተወላጆች ደግሞ በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ በአንድ ጉብታ አፈር ላይ አብረው ይዘሩ ነበር። በቆሎው ይቆማል፣ ቦሎቄው በእሱ ላይ ይወጣል፣ ዱባው መሬቱን በቅጠሉ ሸፍኖ አረም ይከለክላል። አንዳንድ ቦታ ከጉብታው ሥር ዓሣ ይቀብሩ ነበር፤ እየበሰበሰ መሬቱን ያደልባል። ከሁሉም ደስ ያለኝ ግን አንድ ነገር ነው። ከእነዚያ ሕዝቦች በብዙዎቹ ዘንድ ገበሬዋ ሴት ነበረች።

ያነበብኩትን ካልተናገርኩ ያመኛል፤ ሚስቴ ይህን በሽታ ብላ ነው የምትጠራው። በማግስቱ የማስተምረውን ምዕራፍ ትቼ ለተማሪዎቼ "ድንች ከየት መጣ?" አልኳቸው።

"ከዶዮገና!" አሉ ብዙዎቹ በአንድ ድምፅ። ሐቃቸውን ነው፤ ገበያችን ላይ ያለው ድንች ከዚያ ነው የሚመጣው።

ከአሜሪካ ምድር ነው ስላቸው ሳቁ። በቆሎም ስል ሳቁ። ቦሎቄም፣ ዱባም፣ ቲማቲምም፣ ቃሪያም፣ በርበሬም እያልኩ ስቀጥል ሳቁ እየቀነሰ መጣ። በርበሬ ላይ ስደርስ ክፍሉ የተዘረፈ ሰው መሰለ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ታዲያ የእኛ ምንድን ነው?"

"እንሰት" አልኳት። "እንሰትን ከዱር አውጥቶ፣ ጓሮው ተክሎ፣ ፍቆ፣ ቆጮና ቡላ አድርጎ የበላ ከእኛ በቀር በዓለም ላይ የለም።" ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም የፈጠርኩት ይመስል ደረቴን ነፋሁ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ስልክ ይዛ ስታለቅስ አገኘኋት። ዶዮገና ያለው የእናቷ እንሰት በአጠውልግ በሽታ ተይዟል።

አማቴ ዶዮገና ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባላቸው ካረፉ ቆይቷል። በእኛ አገር ማሳው የወንድ ነው ቢባልም ጓሮው የሴት ነው። የትኛው እንሰት ይቆረጥ፣ የትኛው ይቆይ፣ ለማን ቅጠል ይሰጥ የምትለው እሷ ናት። ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ቦታ ወንድ ዝር አይልም፤ ነውር ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤቱን ከማየቱ በፊት ከቤቱ ጀርባ ያለውን እንሰት ያያል፣ የእመቤቲቱንም ልክ ከዚያው ያውቃል። የአማቴ እንሰት ከመንገድ ሲያዩት ቤቱን ውጦት ነበር። አንዳንዱ ረድፍ የአማታቸው ተክል ልጅ ነው፣ ለሙሽርነታቸው የተሰጣቸው።

የግብርና ባለሙያው መጥቶ የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩ አለ፤ ቢላዋውን በእሳት አሳልፉ አለ፤ እዚህ መሬት ላይ ለጊዜው እንሰት አትትከሉ አለ። የታመመው ሲነቀል የቀረውም ታመመ። በጥር መጨረሻ አንድም አልቀረም። ቤቱ ከመንገድ ራቁቱን ይታይ ጀመር። አማቴ የጓሮውን በር ዘጉና በፊት በር ብቻ መውጣትና መግባት ጀመሩ። ድንች እንዝራበት ሲሏቸው እምቢ፣ ስንዴ ሲሏቸው እምቢ፣ "የእንሰት ቦታ ነው፤ ተዉት" ይላሉ። መሬቱ እንደዚያው ባዶውን ተቀመጠ።

ታላቅ ወንድ ልጃቸው፣ ዋርሳዬ፣ ሆሳዕና ውስጥ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም እናቱን ሲወድ ለከት የለውም። እዚያው ሆሳዕና በራሱ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል አሠራላቸው፣ ሴራሚክ አስነጠፈ፣ ቴሌቪዥን ሰቀለ። "እንሰት ከሌለ ምን ያስቀምጥሻል? ለመስቀል መጥቼ እወስድሻለሁ" አላቸው። አማቴ እሺም አላሉም፣ እምቢም አላሉም። "ጌታ ያውቃል" ብለው ዝም አሉ። ሚስቴ ግን ያን ዝምታ ፈራችው። "ሆሳዕና ከገባች ዓመት አትቆይም" አለችኝ። "እናቴ ተቀምጣ አታውቅም። ሴራሚክ ላይ ምን ትኮተኩታለች?" እኔም ፈራሁ፤ እኚህን ሴት እወዳቸዋለሁ።

ታዲያ ምን አለኝ? አንድ መጽሐፍ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ዶዮገና ሄድኩ። እኔ ሀዲያ ነኝ፣ እሳቸው ከምባታ፤ የምንገናኘው አማርኛ ላይ ነው፣ ሁለታችንም በተማርነው መጠን። አማት ስለሆኑም ዓይናቸውን እያየሁ አልከራከራቸውም፤ ዝቅ ብዬ ነው የምናገረው። እንደዚያ ዝቅ ብዬ ስለ በቆሎው፣ ስለ ቦሎቄውና ስለ ዱባው ነገርኳቸው። ለወጉ ያህል እንጂ ከልባቸው አልሰሙኝም። ሴቶቹ ጋ ስደርስ ግን ቀና አሉ።

"ገበሬዋ ሴት ነበረች?"

"አዎ፣ እማዬ። መሬቱም ዘሩም በእሷ እጅ ነበር።"

"ወንዶቹስ?"

"አደን ይሄዳሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ።"

"እሱን ሥራ ይሉታል?" አሉና ሳቁ። ከጥር ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ሻሻቸውን አስተካክለው "ኋላስ? ሴቶቹ ምን ሆኑ?" ብለው ጠየቁኝ።

የታሪክ መምህር ነኝ፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ከቤታቸው ሊነሱ ለተቃረቡ ሴት እንዴት ብዬ ልንገራቸው? "ረጅም ነው፤ ሌላ ቀን አወራዎታለሁ" ብዬ አለፍኩት።

አማቴ የተዘጋውን የጓሮ በር ቆይተው አዩት። "እሺ፣ ሞክር" አሉኝ። "ሰው ግን እንዳታስቅብኝ።"

እንግዲህ ያ ማዳበሪያ ሙሉ ዓሣ ወደዚህ ጓሮ ነበር የሚሄደው። መናኸሪያው አጠገብ ካለው ዓሣ ቤት ሦስት ቀን አጠራቅሜ፣ ዘሩን በኪሴ ይዤ ዶዮገና ስደርስ ቤቱ ተዘግቷል። የአማቴን ድምፅ ከጎረቤት ጓሮ ሰማሁት። ጠረኑ ራሴን አዙሮኝ፣ ማዳበሪያውን ከትከሻዬ ለማውረድ ቸኩዬ፣ የተጋረደውን የኮባ ቅጠል ገልጬ ገባሁ።

ስምንት ወይም ዘጠኝ ሴቶች እንሰት እየፋቁ ነበር።

እልል አሉ ልበል ወይስ ጮኹ? ሁለቱንም ነው። አንዷ የፋቀችውን በእፍኟ ዝግን አድርጋ ወረወረችብኝ። ሌላዋ አፍንጫዋን ይዛ "ቆጮ ይሸታል የሚሉ የከተማ ሰዎች መጥተው ይሄን ያሽትቱ!" አለች። ሴቶቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ወግ አዋቂ ነኝ የምል ሰውዬ፣ እናቴ አሳድጋኝ፣ አባቴ መክሮኝ፣ አርባ ዓመት ሞልቶኝ የእንሰት መፋቂያ ውስጥ ከነዓሣዬ ቆሜአለሁ። ወደ ኋላዬ ስመለስ አማቴን አየኋቸው። እንሰቱ የተደገፈበት ሳንቃ ሥር ተቀምጠው በቀርቀሃ መፋቂያ የሰው እንሰት ይፍቃሉ። ድሮ ጎረቤት ጠርተው የሚያስፍቁት እሳቸው ነበሩ። አሁን ለአንድ ጥቅልል ቆጮ ብለው ሰው ጓሮ ገብተዋል። አልሳቁም፣ አልተቆጡም፤ አቀርቅረው መፋቃቸውን ቀጠሉ። ያየኋቸው መሆኔ ነው ያሳፈራቸው። እኔም የገዛ ነውሬን ረሳሁትና በእሳቸው ፈንታ አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ የአማቴ ጓሮ በአጥሩ በኩል ገብቼ በንዴት ነው የሠራሁት። ጉብታውን ሠራሁ፣ ዓሣውን ቀበርኩ፣ በቆሎውን፣ ቦሎቄውንና ዱባውን በአንድ ቀን ዘርቼ ጨረስኩ። አንድ ሽማግሌ በአጥር በኩል አንገታቸውን አስግገው "ዱባና ቅል እንኳ አበቃቀሉ ለየቅል ነው ይባላል፤ አንተ ሦስቱን ባንድ ጉድጓድ?" አሉኝ። የአሜሪካ አዘራር ነው አልኳቸው። "እንግዲያውስ አሜሪካ ሄደህ ዝራው" ብለውኝ ሄዱ።

በማግስቱ አማቴ ደወሉ። የዶዮገና ውሻ በሙሉ ተጠራርቶ ጓሮው ገብቷል። ግማሹ ጉብታ ተቆፍሯል፣ የዓሣው ጭንቅላት ደጃፍ ለደጃፍ ተበትኗል፤ አንዱን ውሻ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ውስጥ ጭንቅላት ሲያኝክ አይተውታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ፣ ለሰው ሁሉ አንገቴን ደፍቼ፣ ዓሣውን ትቼ ዘሩን ደገምኩት። ዝናቡም መጣ። ሁሉም በቀለ። እኔም በየቀኑ እየደወልኩ "እንዴት ነው?" እላለሁ፣ አማቴም "አለ" ይሉኛል። ከዚያ በላይ ቃል አይወጣቸውም።

በግንቦት አጋማሽ አንድ ቀን ራሳቸው ደወሉ።

"መምህር።"

"አቤት፣ እማዬ።"

"አሜሪካህ ወደቀች።"

ስልኩን ዘጉት። እውነትም ወድቃ ነበር። ቦሎቄው ቀድሞ በቅሎ፣ ገና ስንዝር በሆነው በቆሎ ላይ ተጠምጥሞ፣ አጉብጦ አስተኝቶታል። ጎረቤት እየመጣ አይቶ ስቋል። ሰው እንዳታስቅብኝ ያሉኝን ሴት የመንደር መሳቂያ አድርጌአቸዋለሁ። ቅዳሜ ከሚኒባስ ወርጄ እስከ ቤታቸው ድረስ የይቅርታ ንግግር ሳጠና ሄድኩ።

ደጁ ላይ ስደርስ ግን የፊት በሩ ተዘግቷል፣ የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

አማቴ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው፣ መኮትኮቻ ይዘው፣ ጭቃ እስከ ክርናቸው ወጥቶ ጓሮው ውስጥ ናቸው። ቦሎቄውን ነቅለው ለበግ ሰጥተውታል። የወደቀውን በቆሎ ቀና አድርገው አፈር አሳቅፈውታል። ከቤት አመድ፣ ከጋጣ ፍግ አውጥተው ለእንሰት እንደሚያደርጉት በየሥሩ ዙሪያ አልብሰውታል። እኔን ሲያዩ ቀና አሉና በመኮትኮቻው ጠቆሙኝ።

"ሕፃን ላይ ጎረምሳ ታዝላለህ? እንዴት ይቁም? በቆሎው ጉልበት ድረስ ይምጣ፤ ያኔ ቦሎቄውን ትዘራለህ። ይሄን የማያውቅ ሰው አለ?"

መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁና ገለጥኩት። በቆሎው ሲጠነክር ነው ቦሎቄው የሚዘራው ይላል፣ እኔ ካቆምኩበት ገጽ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

"እርስዎ ያሉትን ነው የሚለው።"

"ታዲያ ለምን እኔን አትጠይቀኝም ነበር?"

መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት። ደስታዬን ግን መደበቅ አቃተኝ፣ እንደ ሞኝ ፈገግ እል ጀመር። በልመናና በምክር ያልተከፈተውን በር የእኔ ስህተት ከፈተው። አምላክ ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ከዚያን ቀን ወዲህ ገበሬዋ እሳቸው ሆኑ፣ እኔ በየቅዳሜው መጥቼ አራሚ።

በሰኔ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ቦሎቄውን በሥሩ እንደገና ዘራነው፤ ዱባውም ጓሮውን ሞላው። ቅጠሉ ጃንጥላ የሚያህል ሆነ፤ ሲስቁ የነበሩት ሴቶች ቅጠሉን እያነሱ ከሥሩ ያለውን ፍሬ ሊያዩ ይመጡ ጀመር። አማቴ ለአንዷ ዘር ቃል ይገባሉ፣ ከሌላዋ ጤነኛ የእንሰት ችግኝ ያስይዛሉ፤ ባለሙያው ተመልሶ መሬቱ ድኗል ሲል የሚተከል። እኔንም እያዘዙ ያሠሩኛል፤ መምህርነቴን ከነአካቴው ረስተውታል። አንድ ነገር ግን አልረሱም። በየቅዳሜው፣ ሥራ መሃል፣ "እነዚያ ሴቶችስ?" ይሉኛል። እኔም በየቅዳሜው አንድ ሌላ ወሬ አመጣለሁ። አንዴ በቆሎውን በአመድ ውኃ ቀቅለው ገለፈቱን ያወልቁ እንደነበር ነገርኳቸው። ሌላ ጊዜ ዱባውን ከትፈው በፀሐይ አድርቀው ለብርድ ወራት እንደሚያስቀምጡ። ይሰሙኝና "ጎበዞች ነበሩ። ኋላስ?" ይላሉ።

በሐምሌ ዝናብ ይዞን ጓዳው በር ላይ ቆመን ሳለ ጠየቁኝ። ያን ቀን የማመልጥበት አላገኘሁም።

"ከመሬታቸው ተነሱ፣ እማዬ" አልኳቸው። "እነዚያ ርቧቸው የመጡት ሰዎች በዙ። ዘር የሰጧቸውን፣ አዘራር ያሳዩአቸውን ሰዎች ኋላ ከመሬታቸው አስነሷቸው።"

ዝናቡ የዱባውን ቅጠል ይመታል።

"ሁሉም?"

"ሁሉም አይደሉም። የተነሱትም ብዙዎቹ ዘራቸውን ቋጥረው ይዘው ነው የሄዱት። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ያንኑ ዘር ይዘራሉ።"

"ይሄን ነው ስትደብቀኝ የከረምከው?"

"አዎ።"

አልተቆጡኝም። ከበቆሎው ላይ የተፈታ የቦሎቄ ሐረግ በዝናቡ ውስጥ ወጥተው መልሰው ጠመጠሙት፣ ተመልሰው መጥተው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"ሲያስነሷቸው እሺ ብለው ነው?"

"እሺ አላሉም።"

"ጎበዞች" አሉ።

መስከረም ገባ። በቆሎው ከሰው በላይ ሆኖ፣ ቦሎቄው እስከ ጫፉ ወጥቶ፣ ቤቱን ከመንገድ ሸፈነው። ያን ቤት ተሸፍኖ ሳየው እንሰቱ የተመለሰ መሰለኝ። አይደለም፣ በቆሎ ነው፤ ግን ደስ አለኝ። የዱባው ብዛት ደግሞ ለወሬም አይመች፣ ውሸታም ያሰኛል።

ዋርሳዬ ለመስቀል ሲመጣ አይሱዙ ጭነት መኪና ይዞ መጣ። ራሱ ነው የሚነዳው። ጋቢናው ውስጥ እናቱ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ አዲስ ብርድ ልብስ አጣጥፎ አንጥፎላቸዋል፣ መንገዱ እንዳያንገላታቸው። የሰውዬው ፍቅር እውነት ነው። ሚስቴ ግን ወደ ጓዳ ገብታ ምግቡ እስኪቀርብ መውጣት አቃታት።

አማቴ ሁላችንንም አበሉን። እሸት በቆሎ ነበር፣ በቆሎና ቦሎቄ የተቀላቀለበት ንፍሮ ነበር፣ የዱባ ወጥ ነበር፤ ቆጮውን ሴቶቹ በየተራ ያመጡት ነው። ዋርሳዬ ጥርግ አድርጎ በላና እጁን ታጠበ።

"በይ እማዬ፣ ሳይመሽ ዕቃሽን እንጫን።"

"ጫኑ" አሉ አማቴ።

ሚስቴ እጄን ጨመቀችኝ። አማቴ ተነሱና ወደ ጓሮው በር መሩን። በሩ አጠገብ ዱባው ተከምሯል፤ ትልቁ፣ ትንሹ፣ ዝንጉርጉሩ። "ይሄ ነው ዕቃዬ" አሉ። ዋርሳዬ እናቱ ባዶ እጃቸውን ከተማ መግባት ያልፈለጉ መሰለው፤ ደስ ብሎት ኮቱን አውልቆ መጫን ጀመረ። እኔም፣ ጎረቤቱም ተሰልፈን አቀበልነው። መኪናው እስከ አፉ ሞላ። ዋርሳዬ ላቡን ጠረገ፣ የጋቢናውን በር ከፈተላቸው።

"በይ ግቢ፣ እማዬ።"

"እኔ የት ልግባ? ሞልቷልኮ።"

"እንዴ፣ ጋቢና ነዋ! ያንቺ ቦታ ይኸው።"

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ ያኔ እነዚያ ሴቶች እሺ ብለዋል?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስለየትኞቹ ሴቶች እንደሚያወሩ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። "አላሉም፣ እማዬ" አልኩ።

"እኔም አላልኩም" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። "ለልጆችህ አብላ፣ ለጎረቤትህ ስጥ። ሲያልቅ ና፣ ደግሞ ትጭናለህ። ክፍሉን አመሰግናለሁ፤ ሲያመኝ እመጣለሁ። አሁን ግን አላመመኝም፤ ሥራ አለብኝ።"

ዋርሳዬ እናቱን አየ፤ ከእናቱ ጀርባ የተከፈተውን የጓሮ በር አየ፤ ከበሩ ማዶ የቆመውን በቆሎ ቆይቶ አየ። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

አማቴ ሄደው ከክምሩ የቀረውን፣ ከሁሉም ትልቁን ዱባ በሁለት እጃቸው ታቅፈው አመጡት። ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጡት፣ እንዳይንከባለል ብርድ ልብሱን ዙሪያውን ጠመጠሙለት፣ በሩንም ዘጉ።

"ቀስ ብለህ ንዳ" አሉት በመስኮቱ።

ዋርሳዬ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ እጁን ዘረጋና ለዱባው ቀበቶ አሰረለት።